እንባው የማን ነው?

በለንደን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የሚያስተምር አንድ መምህር ዘንድሮ ለትልልቆቹ ተማሪዎች የብርሃኑ ዘሪሁንን «የቴዎድሮስ እንባ» መረጠ። ዘመኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ ሲፈልግ መጀመሪያ ያገኘው የአለቃ ዘነብን ዜና መዋዕል ነው። ጸሐፊው ንጉሡን የሚያደንቅ በመሆኑ ደስ አለው። ቀጥሎ የአለቃ ወልደ ማርያምን አነበበ፤ እዚያ ደግሞ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ያቃጠሏት ጎንደር ጠበቀችው።

ይህን ሁለተኛውን ትቶት ሊሄድ ዳዳው። ልጆቹ በሰው አገር አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚጠሩት ስም እንዳያጡ ሰጋ።

ሐሳቡን ያስለወጠችው አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ናት። በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድ ፊት ቆማ፣ «ጋሼ፣ እንባው የንጉሡ ብቻ ነው?» አለችው።

እዚያው ሊመልስላት አልቻለም። ማታ ግን አንድ ነገር ገባው፤ ደራሲ ከታሪክ መርጦ ነው የሚጽፈው፤ ምን እንደመረጠና ምን እንደተወ የሚታየው ደግሞ ምንጮቹ ሲነበቡ ብቻ ነው። ቴዎድሮስን መውደድም ቢሆን ጎንደርን ደብቆ ከሆነ፣ ልጆቹ አድገው እውነቱን ባገኙት ቀን ይፈርሳል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሁለቱንም አለቆች ጽሑፍ አባዝቶ መጣ። የወልደ ማርያምን ገጽ ጮክ ብላ እንድታነብ የጠራው ያችን ልጅ ነበር።