ነጩ ተራራ

ነሐሴ 12፣ በቡሄ ዋዜማ፣ ደብረ ታቦር ከተማ በሚገኘው ሰንበት ትምህርት ቤታችን፣ በረዶ የለበሰ ተራራ ከሚያሳይ ሥዕል ፊት ቆምን። ጓደኛዬ «እንዴት ያለ ሰላም አለው!» አለ። እኔ ዝም አልሁ። ሰብል የሚመታውንም ተራራ የሚያለብሰውንም ቋንቋችን በረዶ ይለዋልና፣ ከጉና ግርጌ ላደግሁት ለእኔ ያ ነጭ የወደመ ገብስና የእናቴ ዝምታ ነበር። ሰማያዊው ጥላም ብርዱን አበረታብኝ።

ማታ ማርቆስ ምዕራፍ 9ን አነበብሁ። የጌታችን ልብስ እንደ በረዶ ነጣ፤ ጴጥሮስ በዚያ መኖርን ወደደ፤ ነገር ግን የሚናገረውን አያውቅም ነበር፣ ሦስቱም እጅግ ፈርተው ነበርና። አንዱ ነጭ ደስታንም ፍርሃትንም ይዞ ነበር።

በማግሥቱ ለጓደኛዬ ስለ ገብሱ ነገርሁት። እርሱም ከተራራው ግርጌ፣ እኔ ያላስተዋልሁትን ትንሽ ቢጫ ብርሃን በጣቱ አሳየኝ።