ባትሪውን አሳድረው

መኪና ውስጥ ሙዚቃ መስማት እወዳለሁ፤ በተለይ ቤዙ ደረት ላይ ሲያርፍ። ብዙ ሰው እንደ ልጅነት የሚቆጥረው ፍቅር ነው። እኔ ግን የከበሮን ምትና የቤዝ ክራርን ጥልቅ ድምፅ አጣጥሜ የሰማሁት ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ገርጂ ስመለስ፣ የመኪናዬን መስኮት ዘግቼ ነው። አምፕሊፋየርና ሳብዉፈር ያስገጠምኩትም ለዚሁ ነበር። ፍቅሩ ግን ከሙዚቃ አልፎ ስለ ባትሪ አስተማረኝ።

ሳብዉፈሩ ከተገጠመ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞተሪኖው ጠዋት ጠዋት መስነፍ ጀመረ። ገርጂ አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ሄድኩ። ሞተሩ እየሠራ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ሲያደርጉት 14.2 ቮልት አሳየ።

«ጋሼ፣ ባትሪውማ ደህና ነው» አልኳቸው።

«ይሄ የዲናሞው ቁጥር ነው ልጄ። የባትሪውን ማወቅ ከፈለግህ አሳድረው» አሉኝ።

በማግስቱ ሞተሩ ሳይነሳ ሲለኩት 12.1 ሆነ።

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት ባትሪው ከምን እንደተሠራ ማየት ይበቃል። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የፈለሰፈው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ዛሬም መሠረቱ ያው ነው። ባለ 12 ቮልቱ ውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሲሞላ 2.1 ቮልት ገደማ ስለሚይዝ ድምሩ 12.6 ይመጣል። አድሮ 12.4 ያሳየ ባትሪ ሦስት አራተኛ ገደማ ኃይል አለው፤ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ደግሞ ሩብ ያህል ነው። እንግዲህ 12 ማለት ሙሉ ማለት አይደለም፤ ሊያልቅ የተቃረበ ነው።

ሞተር ሲነሳ ነገሩ ሌላ ነው። ባትሪ ኃይል እንዲቀበል ከራሱ ቮልቴጅ የበለጠ ግፊት ስለሚያስፈልገው ዲናሞው ከ13.8 እስከ 14.7 ይሰጠዋል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለጊዜው 13 ሊነበብ ይችላል፤ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ፕሌቶች ገጽ ላይ የቀረ ቻርጅ ነውና ከሰዓታት በኋላ ይወርዳል። የሚሰጠው ሌላ፣ የያዘው ሌላ ነው። ቦኔቱን ማታ ከፍቼ ማሳደርን የለመድኩትም ጠዋት በሩን ሳልከፍት ለመለካት ነው፤ በር ሲከፈት መብራቱና ሌላው ሁሉ ስለሚነቃ ልኬቱ ይዛባል።

ኃይሉስ የት ይሄዳል? እውነተኛ 1000 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር፣ ከሚወስደው ኃይል 80 በመቶውን ወደ ድምፅ ማጉያው ቢያደርስ፣ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ 90 አምፔር ያህል ይስባል። የሙዚቃ አማካይ ፍጆታ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ቤዙ ሲመታ ግን ፍላጎቱ ድንገት ይዘላል። የትንሽ መኪና ዲናሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 አምፔር አይበልጥም፤ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ደግሞ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው የሚሰጠው። መገናኛ ላይ ትራፊክ ተዘግቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ቤዙ ሲመታ ቮልቴጁ ከ12.6 በታች ከወረደ ሙዚቃው ከባትሪው እየተቀዳ ነው። ጉዞው ደግሞ አጭር ስለሆነ የተቀዳው ሳይተካ ቤት ይደረሳል። የባትሪ የመጨረሻው ሃያ በመቶ ቀስ እያለ፣ በሰዓታት ነውና የሚሞላው።

ተጨማሪ ባትሪ መግዛት ብዙ ሰው የሚመክረው መፍትሔ ነው። ባትሪ ግን ያጠራቅማል እንጂ አያመነጭም፤ ሁለተኛውንም የሚሞላው ያው ዲናሞ ነው። የእኔን ባትሪ የታደገው ሌሊቱን ሙሉ በቤት ቻርጀር መሙላቱ ነው፤ ሃይድሮጂን ስለሚወጣው አየር የሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳት ርቆ። በጎደለ ቁጥር ሳይሞላ የሚሰነብት ባትሪ ፕሌቶቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጠጥርበታል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጀርም ብዙ አይረዳውም።

አዛውንቱ አንድ ነገር ጨመሩልኝ፤ አምፕሊፋየሩን የሚቀሰቅሰው ቀጭን ገመድ ከቴፑ ጋር መነሳትና መጥፋት አለበት። በቀጥታ ከባትሪ ከተያያዘ አምፕሊፋየሩ ሌሊቱንም ነቅቶ ያድራል። ያለማቋረጥ 1 አምፔር ብቻ ቢወስድ በቀን 24 አምፔር ሰዓት ነው፤ ባለ 60ውን ባትሪ ከአንድ ቀን ተኩል ባነሰ ጊዜ ግማሽ ያደርሰዋል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የግል መኪኖች በጎዶሎና በሙሉ ታርጋ እየተፈራረቁ እንዲንቀሳቀሱ ሲደረግ፣ እንዲህ ለተያያዘ መኪና የአንድ ቀን ማረፍ ብቻ በቂ ጉዳት ነበር።

ትምህርቱ ከነዳጅ መኪና ጋር የሚያልፍም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የቦሌና የሲኤምሲ መንገዶች በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞሉ ነው። እነሱም ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነቃም። ቴፕና አምፕሊፋየር የሚጨምር ሰው የሚስበው ከዚህችው ባትሪ ነው። ዓይነቷንም አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ አድሮ 12.8 ማሳየት ኤጂኤም ለሚባለው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሙሉ መሆን ሲሆን፣ ለሊቲየም አይረን ፎስፌት ግን አብዛኛው ኃይል ማለቁ ነው።

ባትሪ ቀይር ሲባል ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሁለት ቁጥር ይጠየቅ፤ ያደረው ስንት ነው? ሞተሩ ሲሠራስ? የሞተሩ ቁጥር ደህና ሆኖ ያደረው ዝቅ ካለ በመጀመሪያ በቻርጀር ይሞላ፣ የአምፕሊፋየሩም ገመድ ይፈተሽ። ሞልቶ፣ ምንም ሳይስበው አድሮ ዳግም ከወረደ ያኔ መቀየሩ ተገቢ ነው። ያደረው ደህና ሆኖ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.5 የማያልፍ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን ትቶ ወደ ዲናሞውና ወደ ገመዶቹ መሄድ ነው። ይህን የሚለይ ቴስተር ዋጋው ከአዲስ ባትሪ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ቤዝ የሚወድ ሁሉ መኪናው ውስጥ ቢይዘው ይጠቅመዋል።