አገርህ የት ነው? ከደብሊን እስከ ኮቭ በባቡር

በአማርኛ «አገር» የሚለው ቃል ትልቅም ትንሽም ነው። ትልቁ አገር ኢትዮጵያ ነው። ትንሹ አገር ደግሞ ሰው የተወለደበት ወረዳ፣ ዘመድ አዝማድ ያለበት መንደር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ አንዱ «አገርህ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ኢትዮጵያ» የሚል መልስ አይጠብቅም። «ጎጃም»፣ «ወሎ»፣ «ሐረር» እንዲባል ነው የሚጠብቀው። መልሱ ከእሱ ጋር ከገጠመማ «ያገሬ ልጅ!» ብሎ እንደገና ሰላም ይላል።

አየርላንዳውያንም እንዲሁ ናቸው። ሁለት አየርላንዳውያን ሲገናኙ «ከየት ነህ?» ይባባላሉ፤ መልሱም «ኬሪ»፣ «ሜዮ»፣ «ኮርክ» ነው። ደሴቷ በልማድ በ32 አውራጃዎች የተከፈለች ናት። 26ቱ በአየርላንድ ሪፐብሊክ ውስጥ ናቸው፤ 6ቱ ደግሞ የብሪታንያ ክፍል በሆነችው በሰሜን አየርላንድ ይገኛሉ።

እኔ ወደ ደብሊን የመጣሁት በ2019 ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስመረቅ በሶፍትዌር መሐንዲስነት ሥራ አገኘሁና እዚያው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ከደብሊን በስተደቡብ እስካለችው የወደብ ከተማ እስከ ኮቭ ድረስ በባቡር ተጉዣለሁ። «ከየት ነህ? ከየት ነሽ? እሺ፣ ግን በትክክል ከየት?» የሚል ጥያቄ ለሚያጋጥማችሁ ሁሉ በዚህ መንገድ ላይ ብዙ የሚታይ አለ።

በወንዙ ዳር የቆሙት

ጉዞው ከመጀመሩ በፊት በደብሊን ሊፊ ወንዝ ዳር ጥቂት ሐውልቶችን ማየት ይገባል። ከነሐስ የተሠሩ፣ የከሱ፣ ልብሳቸው የተቀዳደደ ሰዎች ወደ መርከብ ያመራሉ። አንዱ በትከሻው ልጅ ተሸክሟል። ሐውልቶቹን የሠራው ቀራፂ ሮዋን ጊሌስፒ ሲሆን፣ ከ1997 ጀምሮ እዚያ ቆመዋል።

ከ1845 እስከ 1852 ባለው ጊዜ የድንች በሽታ የድሃውን ገበሬ ዋና ምግብ አጠፋ። በዚያው ጊዜ እህልና ከብት ከአየርላንድ ወደ እንግሊዝ በመርከብ ይጫን ነበር። 1 ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በበሽታ ሞተ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሰደደ። በ1841 በደሴቷ ላይ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖር ነበር። ዛሬ፣ ሰሜኑና ደቡቡ ተደምሮ፣ 7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከ180 ዓመት በኋላም ቁጥሩ አልተመለሰም።

ከረሃቡ በኋላም ስደቱ አልቆመም። እያንዳንዱ ቤተሰብ አሜሪካ ወይም እንግሊዝ የሄደ ሰው አለው። በ1990 ሜሪ ሮቢንሰን ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ፣ በቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት መስኮት ላይ የማይጠፋ መብራት አስቀመጡ። በውጭ ላሉት ሁሉ «አልረሳናችሁም» ለማለት ነበር።

አሁን ግን መንገዱ ተገልብጧል። በ2022 በተደረገው ቆጠራ የሪፐብሊኩ ሕዝብ ከ1851 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ከአምስት ነዋሪዎች አንዱ የተወለደው በሌላ አገር ነው።

ለውጡ ያለ ችግር አልመጣም። ቤት ጠፍቷል፣ ኪራይ ሰማይ ነክቷል። ስለ ቤት የሚያማርር ሁሉ ስደተኛ ይጠላል ማለት አይደለም፤ እኔም አማርራለሁ። ነገር ግን ለጥገኝነት ጠያቂዎች የታሰቡ ሕንፃዎች በእሳት የተቃጠሉበት ጊዜ አለ። ኅዳር 23 ቀን 2023 ደግሞ በደብሊን ፓርኔል አደባባይ፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ፣ አንድ ሰው ሕፃናትን በቢላ ወጋ። ጥቃት አድራሹ የውጭ ሰው ነው የሚል ወሬ በስልክ ተሰራጨ። ማታ አውቶቡሶች፣ የከተማ ባቡርና የፖሊስ መኪኖች ተቃጠሉ። ጓደኞቼ «መሃል ከተማ እንዳትወጣ» እያሉ ደጋግመው ይጽፉልኝ ነበር። በዚያው ቀን አጥቂውን በራስ ቁሩ መትቶ ካስቆሙት ሰዎች አንዱ በሞተር ምግብ የሚያደርስ ብራዚላዊ ስደተኛ ነበር።

አንድ ቀን፣ ሁለት ድምፅ

ከሂውስተን ጣቢያ የተነሳው ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ፖርትሊሽ ይደርሳል። ፖርትሊሽ ጎብኚ የማይበዛባት ትንሽ ከተማ ናት፤ ግን የአየርላንድን ነገር ለመረዳት ከእሷ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ሮቲሚ አዴባሪ በ2000 ከናይጄሪያ ጥገኝነት ፈልገው የመጡ ሰው ናቸው። ሰኔ 11 ቀን 2004 የፖርትሊሽ ነዋሪዎች ለከተማው ምክር ቤት መረጧቸው። በ2007 ከንቲባ ሆኑ፤ በአየርላንድ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ማለት ነው።

በዚያው ቀን፣ በዚያው የምርጫ ጣቢያ፣ ሌላ ወረቀትም ነበር። ሕዝበ ውሳኔ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በአየርላንድ ምድር የተወለደ ልጅ ሁሉ ዜጋ የመሆን መብት ነበረው። ጥያቄው «ይህ መብት ይገደብ?» የሚል ነበር። 79 በመቶው «አዎ» አለ። ከ2005 ጀምሮ ወላጆቹ የውጭ ዜጎች የሆኑ ልጅ በልደት ዜጋ የሚሆነው፣ በአብዛኛው፣ ከወላጆቹ አንዱ ከመወለዱ በፊት ባሉት 4 ዓመታት ውስጥ 3ቱን በአገሩ በሕጋዊነት ከኖረ ነው። ለትምህርት የተኖረበት ጊዜ አይቆጠርም።

ይህ ሕግ ቤቴ ገብቷል። ልጄ የተወለደችው በ2022 ደብሊን ውስጥ ነው። የእኔ የትምህርት ዓመት አልተቆጠረም፤ ባለቤቴም ከእኔ በኋላ ነው የመጣችው። ስለዚህ ልጃችን ስትወለድ አየርላንዳዊት አልነበረችም። በመዋዕለ ሕፃናት በአየርላንድ ቋንቋ መቁጠር ተምራለች፤ ቤት ስትመጣ ደግሞ በአማርኛ ትቆጥራለች። እሷ ሁለቱንም ቋንቋ ስትቀላቅል ምንም አይጨንቃትም።

ሕጉም ቢሆን ሁልጊዜ «አንዱን ምረጥ» አይልም። በ1998 የሰሜን አየርላንድን ጦርነት ያስቆመው የሰላም ስምምነት፣ በሰሜን የተወለዱ ሰዎች አየርላንዳዊ፣ ብሪታንያዊ ወይም ሁለቱንም መሆን እንደሚችሉ ይናገራል። ከሠላሳ ዓመት ደም መፋሰስ በኋላ የተገኘው መፍትሔ «ሁለቱንም» የሚለውን ቃል ወረቀት ላይ ማስፈር ነበር።

እርሳስና ቁጥር

አዴባሪ ያኔ እንዴት ሊመረጡ ቻሉ? በአየርላንድ ለአካባቢ ምክር ቤት ለመምረጥም ሆነ ለመመረጥ ዜግነት አይጠየቅም። ዕድሜው 18 የሞላና እዚያ የሚኖር ሰው ሁሉ ይችላል። በፓርላማ ምርጫና በሕዝበ ውሳኔ ግን ይህ አይሠራም። በተቃራኒው ደግሞ፣ ኒው ዮርክ ተሰዶ የሚኖር አየርላንዳዊ፣ እንደ ዲፕሎማት ካሉ ጥቂቶች በስተቀር፣ ከዚያ ሆኖ ድምፅ መስጠት አይችልም። ለአካባቢ ጉዳይ ዋናው ጥያቄ «የት ነው የምትኖረው?» ነው።

ሰኔ 7 ቀን 2024 በ31 የአካባቢ ምክር ቤቶች ለ949 ወንበሮች ምርጫ ተደረገ። እኔም መረጥሁ። በሕይወቴ ያለ ፓስፖርታቸው ድምፅ የሰጠሁበት የመጀመሪያው አገር ነው። ወረቀቱ ላይ እርሳስ አንስተህ ከዕጩዎቹ ስም አጠገብ 1፣ 2፣ 3 እያልህ ቁጥር ትጽፋለህ። 1 ያልኸው ዕጩ ከወደቀ ድምፅህ አይባክንም፤ 2 ወዳልኸው ያልፋል። ስለዚህ ዕጩዎች የማንንም ሰው ሁለተኛ ምርጫ ይፈልጋሉ፤ የአዲስ መጤንም ጭምር። ከምርጫው በፊት አንዲት ዕጩ በራችንን አንኳኩታ ነበር። የጠየቀችን ከየት እንደ መጣን አልነበረም፤ መንገዱ ምን እንደጎደለው ነበር። ባለቤቴ በመዋዕለ ሕፃናቱ አጠገብ የእግረኛ መሻገሪያ መብራት የለም አለቻት፤ ማስታወሻ ያዘች።

ቆጠራው በእጅ ነው፤ አንዳንዴ ቀናት ይፈጃል። መንግሥት ከ50 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አውጥቶ የድምፅ መስጫ ማሽን ገዝቶ ነበር፤ ሕዝቡ ስላላመነው በ2012 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። ሶፍትዌር እንጀራዬ ቢሆንም፣ ሰው ፊት ለፊት የሚቆጠረውን ወረቀት እወደዋለሁ። በዚያ ምርጫ ስደትን የሚቃወሙ ጥቂት ዕጩዎች ወንበር አገኙ፤ ከውጭ አገር የመጡ ዕጩዎችም አገኙ።

የባሕሩ ጫፍ

ባቡሩ ኮርክ ሲደርስ ወደ ኮቭ በሚሄደው ይቀየራል። የኮርክ ሰዎች ኸርሊንግ የተባለውን ጥንታዊ የዱላና የኳስ ጨዋታ አጥብቀው ይወዳሉ። በ2005 ቡድናቸው የአገሪቱ ሻምፒዮን ሲሆን አምበሉ ሾን ኦግ ኦ ሃልፒን ነበር። አባቱ አየርላንዳዊ ሲሆን እሱ የተወለደው የእናቱ አገር በሆነችው በፊጂ ነው። ዋንጫውን ተቀብሎ ንግግሩን ያደረገው በአየርላንድ ቋንቋ ነበር። ለኮርክ ሰው ሾን ኦግ «ያገሬ ልጅ» ነው።

ኮቭ ላይ ባቡሩ ውሃው ዳር ይቆማል። በመቶ ዓመት ውስጥ ከዚህ ወደብ 2.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ተሰዷል። ከጣቢያው አጠገብ የአንዲት ልጃገረድና የሁለት ወንድሞቿ ሐውልት አለ። አኒ ሙር ትባላለች። ጥር 1 ቀን 1892 በኒው ዮርክ ኤሊስ ደሴት የስደተኞች መቀበያ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እሷ ነበረች። ያኔ በአሜሪካ አየርላንዳውያንን «ወደ መጣችሁበት ተመለሱ» የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። የስደተኞቹ መልስ በሰፈር ጀመረ፤ በቀጠናቸው ተመረጡ፣ በከተማ ምክር ቤት ተቀመጡ፣ ከንቲባ ሆኑ። በ1960 የእነዚያ ስደተኞች የልጅ ልጅ ልጅ የሆነው ጆን ኬኔዲ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ።

ከዚህ ጉዞ የያዝሁት ነገር ይህ ነው፤ ትልቁ አገር እስኪቀበለን ትንሹን አገር መጠበቅ የለብንም። የትልቁን በር የሚከፍቱትና የሚዘጉት የማያውቁን ሚሊዮኖች ናቸው። የትንሹን በር ግን የሚያንኳኳው ጎረቤት ነው።

እናንተስ የምትኖሩበት ከተማ ምን ይላል? ብዙ ሐበሾች በሚኖሩበት አካባቢ ባለችው በሜሪላንዷ ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ ድምፅ ይሰጣል። በስዊድንና በኖርዌይም የተወሰነ ዓመት የኖረ የውጭ ዜጋ ለአካባቢ ምክር ቤት ይመርጣል። ወላጆቻችሁ ይህን መብት እንዳላቸው ያውቁ ይሆን? ዛሬ ማታ ጠይቋቸው። ካላወቁ አብራችሁ ፈልጉ፤ ቅጹ በማያውቁት ቋንቋ ከሆነ አንብባችሁ አስረዷቸው።