ምርጊት

አምስተርዳም ውስጥ፣ ቦይ ዳር የታሰረችው ቤቴ ዕድሜዋን በጭነት የፈጀች የብረት መርከብ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በከተማዋ መኖሪያ ሲጠፋ፣ ሥራ የፈቱ ብዙ መሰሎቿ ቤት ሆነዋል። የእርሷም የዕቃ ጎተራ ዛሬ ሳሎኔ ነው።

በየጥቂት ዓመቱ ከውኃ ወጥታ ትመረመራለች። ባለሙያው ሆዷን በመዶሻ እያንኳኳ ያዳምጣል፤ ጤነኛው ብረት ይጮኻል፣ የሳሳው ድምፁ ይታፈናል። ባለፈው ምርመራ ከአልጋዬ ሥር ድምፁ ታፈነ። ሲለካ የቀረው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። የበላትም የቦዩ ውኃ አልነበረም፤ የገዛ እስትንፋሴ ጤዛ ሆኖ፣ ከወለሉ ሥር ተጠራቅሞ ከውስጥ አዝጓታል።

አዲስ ላሜራ ሲበየድላት ቆሜ ሳይ የእናቴ ምርጊት ትዝ አለኝ። ክረምቱ በወጣ ቁጥር ጭድ የተቦካበት ጭቃ በእጇ እያፈሰች የቤታችንን ግድግዳ ትመርግ ነበር። እኔ ግን «መቼም የማያልቅ ቤት» እያልኩ አፍርበት ነበር። ተሰደድኩ፤ እርሷ ደከመች፤ የሚመርግ ጠፋ። ቤቱ ከእርሷ ቀድሞ ወደቀ።

አሁን በየሳምንቱ የወለሉን ሳንቃ አንስቼ፣ ተንበርክኬ ጤዛውን በጨርቅ አብሳለሁ። ያኔ ግን አንዲት እፍኝ ጭቃ እንኳ አላቀበልኳትም።