አውራው የማን ይሁን

«ክልሱን እንግዛው ወይስ ይቅር?» ብሎ ወንድሜ ከመርሳ ከደወለልኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። የክልሱ ባለቤት ቀብድ እየጠበቀ ነበር። የላከልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ሰውነቱ ነጭ፣ ከግንባሩ እስከ አንገቱ ቀይ፣ ጆሮው ወደ ታች የወደቀ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ሦስት አራተኛ ደሙ የደቡብ አፍሪካው ቦር የሆነ አውራ ፍየል ነው። ማማሩ አይካድም። እሺ ለማለት ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። ምክንያቴን በስልክ ቆርጬ ቆርጬ ነው የነገርኩት። ከእናንተም መካከል ለወላጆቻችሁ ፍየል የምታስገዙ፣ ከዐረብ አገርም ከአሜሪካም ብር ልካችሁ «የተሻሻለውን ዝርያ ግዙ» የምትሉ ብዙዎች ስላላችሁ እዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ክልስ አውራ ስንይዝ ይህ የመጀመሪያችን አይሆንም። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ነበረን። የመጀመሪያዎቹ ግልገሎቹ የሰፈር መነጋገሪያ ነበሩ። ከጎረቤት ግልገሎች ጋር ሲሰማሩ የአንድ ወር ታላቅ ይመስሉ ነበር። እማዬ ጠዋት በረቱን ትከፍትና ቶሎ አታሰማራቸውም፤ ቆማ ታያቸዋለች። በዚያ ዓመት ለፋሲካ የሸጥናቸው ሁለት ወጠጤዎች የወንድሜን የማዳበሪያ ዕዳ ዘጉለት። እኔም መንገዱ ተገኘ ብዬ አምኜ ነበር።

ዛሬ ዛሬ የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነው። አውራው ጥሩ ዋጋ ሲያወጣ ሸጥነው፤ በቦታው ከልጆቹ መካከል ቆንጆውን አስቀረን። ያ ወጠጤ ግን በረት ውስጥ የሚያገኛት ለጋ ሴት ሁሉ የአባቱ ልጅ ናት። በአባት ከሚገናኙ እህትና ወንድም የተወለደ ግልገል የዝምድና መጠኑ 12.5 በመቶ ነው፤ አባት የራሱን ልጅ ወይም ልጅ እናቱን ሲያጠቃ ደግሞ 25 በመቶ ይደርሳል። የድቅል ብርታት የሚባለውም በመጀመሪያው ትውልድ ነው የሚደምቀው። የመጀመሪያው ትውልድ ድቅሎች እርስ በርስ ሲራቡ ግማሹ ይጠፋል። ይህን ያኔ የነገረን ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ዓመት የተወለዱት ግልገሎች ከአያቶቻቸው ያነሱ፣ ክረምት ሲገባ የሚያስሉ፣ በጋ ሲበረታ ሌላው ፍየል ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሲዞር ግራር ጥላ ሥር ተኝተው የሚውሉ ሆኑ። ያን ጊዜ ነው የገባን።

አንዷን ሌሊት መቼም አልረሳትም። ለጥምቀት አገር ቤት ገብቼ ነበር። ዳማ የምንላት፣ ገና ስምንት ወሯ ሳለ በክልሱ የተጠቃች ፍየል ምጥ ላይ ናት። ሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ ቆይቷል፤ ግልገሉ ግን አይመጣም። እኔ የስልኬን መብራት ያዝኩ። እማዬ እጇን በሳሙና ታጥባ ቅባኑግ ተቀባችና አስገባች። «ጭንቅላቱ ትልቅ ነው፤ አንድ እግሩም ወደ ኋላ ቀርቷል» አለች። ዳማ አትጮህም፤ ጥርሷን እያፋጨች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እማዬ እግሩን ፈልጋ አስተካከለችና ምጧን እየጠበቀች ቀስ እያለች ሳበችው። ወጣ። ወንድ ነው፤ ሞቷል። በዚያች ትንሽ ሆድ ውስጥ እንዴት እንዳደገ እስኪገርመኝ ድረስ ትልቅ ነበር። ዳማም ሊነጋጋ ሲል አለፈች። እማዬ እጇን ሳትታጠብ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ «ልጄ፣ ይቺን እኮ እኔ ነኝ የገደልኳት። ለጋ መሆኗን እያወቅሁ ከአውራ ጋር አዋልኳት» አለችኝ። እንደዚያ አይደለም እናቴ። አንድ በረትና አንድ የወል መስክ ያለው ቤት ለጋዋን ከአውራ ለይቶ የሚያውልበት ቦታ ከየት ያመጣል?

ቦርን እየወቀስኩ አይደለም። በሙሉ ደሙ ሲደርስ ከ100 ኪሎ የሚያልፍ፣ ለሥጋ ወደር የማይገኝለት ፍየል ነው። የእኛ አገር ሴት ፍየል 30 ኪሎ ከሞላች ደህና ናት። የደቡብ አፍሪካ አርቢዎች በ1959 እ.ኤ.አ. ማኅበር አቋቁመው ቦርን በመለኪያና በመዝገብ ሲመርጡ አጥር፣ መኖና ሐኪም ነበራቸው። የዚያን ሰውነት ፍላጎት የሚያሟላ መኖ ሳይኖረን ደሙን ብቻ ማምጣት ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ ይሆናል። ወንድሜ በበጋ ለፍየሎቹ ያለው የማሽላ አገዳ፣ የግራር ፍሬና ከቤት የሚተርፍ ነገር ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ ለሚታለበው ላም እንኳ አልበቃም።

በሌላ በኩል «ንጹህ ዝርያ ብቻ» የሚሉም አሉ። ለእነሱም አንድ ነገር ልበል። ቦር ራሱ የደቡብ አፍሪካ ነባር ፍየሎች ከውጭ ከገቡት ጋር ተደባልቀው የወጣ ነው። አንግሎ ኑቢያን የሚባለው ባለ ረጅም ጆሮ ፍየልም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሴት ፍየሎች ከግብፅና ከህንድ በኩል በመርከብ በመጡ አውራዎች ተጠቅተው የተገኘ ነው። ዛሬ ንጹህ የምንለው ትናንት ክልስ ነበር። ንጹህ ያደረገው ሰው ነው፤ ለብዙ ትውልድ ሳይታክት የመረጠ ሰው። እኛ ጋ «የሀበሻ ፍየል» ስንል ግን የመረጠ ሰው ያለ አይመስለንም፤ እንዲሁ ከምድር የበቀለ እናስመስለዋለን። የአበርገሌውን፣ የአፋሩን፣ የቦረናውን፣ የሐረርጌ ደጋውን ፍየል ያወጡት ድርቅ፣ በሽታና የእረኛ ዓይን ናቸው። ዋጋውን የምናውቀው ከጠፋ በኋላ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ስለ ክልስና ስለ ነባር ዝርያ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የሐረርጌው ታሪክ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በወተት ፍየል ልማት ፕሮግራሙ ለድሃ ሴቶች ፍየል በብድር እየሰጠ፣ ከአንግሎ ኑቢያን የተዳቀሉትንም ያዳርስ ነበር። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ብዙ ሴቶችንም ጠቅሟል። ተመራማሪው ወርቅነህ አያሌውና ባልደረቦቹ ቆይተው የእነዚያን ቤቶች ገቢና ወጪ አሰሉ። ሥጋውንና ወተቱን ብቻ አልቆጠሩም። ፍጉን፣ ለክፉ ቀን መያዣ መሆኑን፣ ችግር ሲመጣ የሚሸጥ ጥሪት መሆኑንም በሒሳቡ አስገቡ። በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ርእሱ ራሱ መልሱን ይናገራል፦ ክልሶቹ ከነባሮቹ የበለጠ የተጣራ ጥቅም አላስገኙም። አያያዝ ሲሻሻል ግን የአገሩም ፍየል የደከሙበትን ይመልሳል። ይህን ሳነብ ትዝ ያለችኝ ዳማ ናት።

ገበያውንም ማየት ያስፈልጋል። ሞጆና ቢሾፍቱ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚፈልጉት ያልተኮላሸ፣ ስብ ያልበዛበት፣ ትንሽ ወጣት ወንድ የቆላ ፍየል ነው። የደጋው ሥጋ ይጠቁራል ብለው አይመርጡትም። ግዙፍ ክልስ ያሳደገ ሰው ገዢው የአገር ውስጥ ሥጋ ቤትና የበዓል ገበያ ነው፤ ያም ቢሆን ደህና ገበያ ነው። ወተት የሚሉትን ደግሞ እማዬን ጠይቁ። እኛ ቤት የፍየል ወተት ለግልገሉ ነው የሚተወው።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ወደ አንድ ነገር መድረሻ ነው። በረታችንን ያዳከመው ክልሱ ብቻ አልነበረም፤ ሽያጫችን ነበር። በዓል ሲደርስ ከበረት መጀመሪያ የሚወጣው የቱ ነው? ቶሎ ያደገው፣ መንታ ሆኖ ተወልዶ እንኳ ያልከሳው፣ ቀይ ወይም ነጭ የሆነው፣ ነጋዴው ከሩቅ አይቶ የሚጠቁመው። የቀረውስ? ነጋዴ ያልጠየቀው። በሚቀጥለው ዓመት ሴቶቹን የሚያጠቃው እሱ ነው። አባቴ በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ዘንድሮ ድረስ፣ ምርጡን እየሸጥን በትርፉ ስናራባ ኖረናል። ከዚያ ዝርያው ደከመ እንልና የፈረንጅ አውራ ፍለጋ እንወጣለን።

መድኃኒት እንዳለው በአገራችን ታይቷል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢካርዳ የተባለው የምርምር ተቋምና አጋሮቹ ከመንዝ፣ ከቦንጋ፣ ከሆሮና ከአፋር በግ አርቢዎች ጋር የጀመሩት፣ በኋላም እንደ አበርገሌ ወዳሉ ፍየሎች የተሻገረው ሥራ ቀላል ነው። የመንደሩ ሰዎች ልደቱን ይመዘግባሉ፤ ወንዶቹን ስድስት ወር ሲሆናቸው ይመዝኗቸዋል፤ ከዚያ ተሰብስበው የትኛው አውራ ይሁን ብለው ይመርጣሉ። የተመረጠው አይሸጥም፤ ከበረት ወደ በረት እየዞረ የጋራ ይሆናል። ያልተመረጠው ይኮላሻል ወይም ይሸጣል። የቦንጋ በግ ስሙ የገነነው በዚህ ነው።

ለወንድሜ በመጨረሻ ያልኩት ይኸው ነው። ቀብዱን አትስጥ። ይልቅ የአጎታችንን በረት ሂድና እይ። እሳቸው ዘንድ መንታ እየወለደች ሁለቱንም አሳድጋ የምታደርስ ፍየል አለች፤ የእሷን ወንድ ልጅ ለምናቸው። አውራ ከመምረጥህ በፊት እናቱን እይ። ሴት ልጆቹ ለመጠቃት ሳይደርሱ ከእሳቸው ጋር ተለዋወጡት። ለብቻ የሚቆም በረትና የሚበቃ መኖ ካገኘን፣ ያኔ ክልስ አውራ እንዋሳለን። ወልደው የጠኑትን ትልልቅ ሴቶች ብቻ ያጠቃል፤ የሚወለዱት፣ ሴቷም ወንዱም፣ አንድ ሳይቀር ለገበያ ይሆናሉ። የበረቱ እናቶች ግን የአገሩ ሆነው ይቆያሉ።

ወንድሜ ዝም አለ። ፎቶው እንዳሳዘነው አውቃለሁ፤ እኔንም አሳዝኖኛል።

ትናንት ሌላ ፎቶ ላከልኝ። የአጎታችን ወጠጤ እኛ ደጅ ታስሯል፤ ዳማ መልክ ነው፣ ቀንዱ ገና እየወጣ ነው፣ ቁመቱም ብዙ አያስደንቅም። እማዬ ከነጠላዋ ጥለት ቀይ ክር ተርትራ አንገቱ ላይ አስራለታለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ «ነጋዴ ሲመጣ እንዲያየው ነው፤ ይሄ አይሸጥም» አለችኝ።