የሰማይ ገለባ

ነፋስን በዓይኑ ያየ የለም። ገበሬ ግን ያውቀዋል፤ አውድማው ላይ ምርቱን በመንሽ ወደ ላይ ይበትናል፤ ገለባው የሄደበትን አይቶ የነፋሱን መንገድና ጉልበት ይለካል።

ታዲያ 70 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ነፋስ በምን ገለባ እንለካው? አውሮፕላን አይደርስበት፤ ፊኛ ብዙውን ጊዜ 40 ኪሎ ሜትር ሳይደርስ ይፈነዳል፤ ሮኬትም ቢተኮስ ሽው ብሎ ያልፋል።

በፔሩ፣ ከሊማ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሂካማርካ በሚባል ደረቅ ሸለቆ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ራዳር አለ። የሚሽከረከር ሳህን እንዳይመስላችሁ፤ 300 ሜትር በ300 ሜትር መሬት ላይ የተዘረጋ የ18,432 አንቴናዎች እርሻ ነው። የተሠራው ከዚያም በላይ ያለውን አዮኖስፌር ለማጥናት ነበር። በ1974 እ.ኤ.አ. ግን ፔሩያዊው ሮናልድ ዉድማንና አልቤርቶ ጊዬን ከ10 እስከ 35፣ ከ55 እስከ 85 ኪሎ ሜትር ካለው አየር የሚመለሰውን ደካማ የገደል ማሚቶ ይዘው ነፋሱን መለካታቸውን ጻፉ።

ገለባው ራሱ የአየሩ መታወክ ነው። የራዳሩ ሞገድ 6 ሜትር ይረዝማል፤ በታወከው አየር ውስጥ ያለው የ3 ሜትር መዛነፍ ከሞገዱ ጥቂቱን ይመልሳል። ከ75 ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ የሴኮንድ ግማሽ ሺህኛ ይበቃዋል፤ ጊዜው ከፍታውን ይናገራል። ፍጥነቱን የሚናገረው ደግሞ የንዝረቱ ለውጥ ነው፤ አየሩ በሴኮንድ 1 ሜትር ወደ ራዳሩ ቢቀርብ፣ በሴኮንድ ከ50 ሚሊዮን ንዝረት ላይ የሚጨመረው ሲሶ ብቻ ነው። ሲሶ! ይህን ለይቶ መስማት ምን ዓይነት ትዕግሥት ነው ጎበዝ?

አንድ የዶርም ጓደኛዬ ይህን ሳወራለት፣ «እባክህ ተወን! ለራበው ሰው የሰማይ ነፋስ ምን ይረባዋል?» አለኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እኔም ራዳር እንጀራ ይጋግራል አልልም። ነገር ግን ሂካማርካ እዚያ የተተከለው የምድር መግነጢስ ወገብ ስለሚያልፍበት ነው፤ ያ መስመር በኛም አገር አናት ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር አካባቢ ማታ ማታ የሚታወከው አዮኖስፌር የሳተላይትን ምልክት ያውካል። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ ሰማይ ወሬ አይደለም፤ የጣራችን ጉዳይ ነው።

የአዲስ አበባው ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የምድርን መግነጢስ መመዝገብ ጀምሯል። መነሻው አለን ማለት ነው። የፔሩ ልጆች የራሳቸውን ሰማይ ራሳቸው አዳምጠው ለዓለም ነገሩ። እኛስ የጣራችንን ነገር እስከ መቼ ከጎረቤት እንሰማለን? የፊዚክስ ልጆች፣ መልሱን ከናንተ እጠብቃለሁ።