ተራ ወታደር የሳለው ጦርነት

ሁርሶ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቶሎ ወታደር ላይ ያርፋል። ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በድሮው የባቡር መስመር ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ አገር ያወቃት ግን በማሠልጠኛዋ ነው። እዚያ ያለፉ ሰዎች ከሰዓት ጫታቸውን ይዘው ሲቀመጡ የሚያወሩት ስለ ጀብዱ ብቻ አይምሰላችሁ። ጥርስ የሚፈትን ኮቾሮ፣ አናት የሚበሳ ፀሐይ፣ አንድ ነገረኛ አሥር አለቃ፤ ከዚያ ሳቅ። ይሄ ወሬ መጽሐፍ ውስጥ እምብዛም አይገባም። የእኛ የጦር ሜዳ ትዝታ በአብዛኛው የመኮንን ትዝታ ነው፤ ካርታው፣ ትእዛዙ፣ ማን ማንን እንዳልሰማ።

ሺጌሩ ሚዙኪን ደጋግሜ የማነሳው ለዚህ ነው። ሚዙኪ የማንጋ፣ ማለትም ጃፓኖች በተከታታይ ሥዕል የሚተርኩት መጽሐፍ፣ ሠዓሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 ተወልዶ ሳካይሚናቶ በምትባል የወደብ ከተማ አደገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመልምሎ፣ ዛሬ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ወደምትገኘው ራባውል ተላከ። አንድ ሌሊት ጥበቃ ላይ ነበር። ሊነጋጋ ሲል በመነጽር በቀቀን እያየ ወደ ጓዶቹ ሳይመለስ ዘገየ፤ በዚያው መሐል ጠላት ደረሰ፣ ጓዶቹ አለቁ። እሱ ባሕር ውስጥ ዘሎ፣ ጫካ ለጫካ ተጉዞ ከጦሩ ተቀላቀለ። አለቆቹ እንኳን ተረፍክ አላሉትም፤ ለምን አብረህ አልሞትክም ብለው ተቆጡት። ከዚያ ወባ ጣለው፤ ቆይቶም በአየር ድብደባ ግራ እጁን አጣ።

እንጀራው የወጣው በቀረችው ቀኝ እጁ ነው። መጀመሪያ መንገድ ላይ ሥዕል እያሳዩ ተረት ለሚያወሩ፣ ለልጆችም ከረሜላ ለሚሸጡ ሰዎች ይስል ነበር። ያ ሥራ ሲሞት ወደ ኪራይ መጽሐፍ ዞረ። (ልብ ወለድ በሳንቲም ተከራይታችሁ ያነበባችሁ ነገሩ ይገባችኋል።) ክፍያው የማይረባ ነበር፤ ቤቱም የድሃ ቤት። ስሙ የተጠራው 40 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፤ በ1965 ኮዳንሻ የተባለው ማተሚያ ቤት የልጆች ማንጋ ሽልማቱን ሰጠው፣ በ1968 ደግሞ ኪታሮ የተባለው፣ የመናፍስት ወገን የሆነ ልጅ ገጸ ባሕርዩ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ስመ ጥሮቹ የማንጋ ሠዓሊዎች ኦሳሙ ቴዙካና ሾታሮ ኢሺኖሞሪ እንቅልፍ ባለመተኛታቸው ሲኩራሩ፣ እሱ እኔ እተኛለሁ ባይ ነበር። ሁለቱም በ60 ዓመታቸው ሞቱ፤ እሱ 93 ደረሰ።

ለእኔ ግን ትልቁ ሥራው በ1973 ያወጣው የጦርነት መጽሐፍ ነው። የአንድ ሻለቃ ተራ ወታደሮች ሲራቡ፣ በጥፊ ሲመቱ፣ ስለ ሴትና ስለ ምግብ ሲያወሩ ያሳያል። አንዱ ወታደር ዓሣ ሲያጠምድ እጁ ስለሞላበት ያጠመደውን አፉ ውስጥ ይይዛል፤ ዓሣው ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ ያንቀዋል። ይሞታል። ጥይት የለ፣ ጀግንነት የለ። መጨረሻ ላይ ሻለቃው ተያይዞ እንዲሞት ይታዘዛል፤ የተረፉት ደግሞ ሞታቸው አስቀድሞ ለበላይ ስለተነገረ ብቻ ተመልሰው እንዲሞቱ ይገደዳሉ። ሚዙኪ ከመቶ 90 እጁ የሆነ ነው ይላል። ሠዓሊው ሰዎቹን እንደ ቀልድ ሥዕል ቀለል አድርጎ ይስላቸዋል፤ ዛፉንና ሬሳውን ግን ቅጠል በቅጠል፣ አጥንት ባጥንት። ይህን ለማውጣት ወደ 30 ዓመት ፈጅቶበታል፤ ፈረንሳዮች አንጉሌም ላይ የሸለሙት ደግሞ በ2009 ነው።

በአገራችን ብሥራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የልዕለ ኃያል የሥዕል ታሪክ በአማርኛም አሳትሟል። ደስ ይላል፤ ልጆቻችን የራሳቸው ልዕለ ኃያል ይገባቸዋል። እኔ ግን የማይበርር፣ ጫማው የጠበበው፣ ደብዳቤ የሚጠብቅ ምልምል በሥዕል ማየት እፈልጋለሁ። ተርከው የማይጠግቡ የቀድሞ ወታደሮች ድሬዳዋ ሞልተዋል፤ እርሳስ የጨበጡ ወጣቶችም አሉ። እንዲህ ያለ ሥራ የጀመረ የምታውቁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ገዝቼ አነባለሁ።